ሊኑክስ አዲስ ፕሮግራም አልቀበልም ሲል፦ ያረጁ የጥቅል መሣሪያዎች የሚያስከትሉት ችግርና መፍትሔው

በሊኑክስ በሚሠሩ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን የሚደረግ ሙከራ በስህተት መልእክት ተቋርጦ ሲቀር፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኮምፒውተሩ አካል ወይም በፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን ፕሮግራሙን ተቀብሎ በሚፈታውና በሚያስቀምጠው የጥቅል መሣሪያ ማርጀት ላይ ነው። ይህ ሳይታወቅ ሲቀር የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል ገና ሊያገለግል የሚችል ኮምፒውተር «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚወገዱ ንብረቶች ጋር ይመዘገባል፤ በሌላ በኩል ሥራ የተጣደፈበት ባለሙያ የጥበቃ ፍተሻዎችን ዘግቶ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም የደመወዝ ወይም የመዝገብ ሥራ በሚከናወንበት ኮምፒውተር ላይ ይጭናል።

ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ይበልጥ ትኩረት የሚሻ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ያቆመ ሲሆን፣ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟሉ ኮምፒውተሮች ላሏቸው መሥሪያ ቤቶች ከቀሩት አማራጮች አንዱ ያለክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ ነው። ይሁን እንጂ ሊኑክስም እንደማንኛውም ሶፍትዌር የአገልግሎት ዘመን አለው። ያለክፍያ መገኘቱ ያለጥገና ይኖራል ማለት አይደለም።

የታሸገው ፋይልና ተረካቢው

በዴቢያንና ከእርሱ በተገኘው ኡቡንቱ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር የሚገባው «ጥቅል» ወይም በተለምዶ «ፓኬጅ» በሚባል የታሸገ ፋይል አማካይነት ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለሚሠራ ሰው የዚህ አሠራር ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚደርስ ኮንቴነር ከዕቃው ጋር የዕቃ ዝርዝርና ማኅተም እንደሚኖረው ሁሉ፣ አንድ የዴቢያን ጥቅልም በውስጡ 3 ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የጥቅሉን ዓይነትና ቅርጽ የሚገልጽ አነስተኛ ፋይል ነው። ሁለተኛው የፕሮግራሙን ስም፣ የእትም ቁጥርና አስቀድመው ሊገኙ የሚገባቸውን ሌሎች ጥቅሎች የሚዘረዝር ሰነድ ነው። ሦስተኛው ራሱ ዕቃው፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጡት ፋይሎች ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ቦታ እንዳይፈጁ ታምቀው የሚቀመጡ ሲሆን፣ የችግሩ አንዱ ምንጭ ይኸው የማመቂያ ስልት ነው።

ጥቅሉን የሚረከቡት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። «ዲፒኬጂ» የተባለው ጥቅሉን ፈትቶ ፋይሎቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የቀረበው «አፕት» ደግሞ ከዲፒኬጂ በላይ ሆኖ ጥቅሎችን ከበይነ መረብ ማከማቻ ያመጣል፤ አንዱ ጥቅል ሌላውን የሚፈልግ ከሆነም አብሮ ያስመጣል። የማከማቻው ፊርማ የሚያርፈው በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ሳይሆን በዋናው መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ የዝርዝሮቹን አሻራ ይይዛል፤ ዝርዝሮቹም የእያንዳንዱን ጥቅል አሻራ ይይዛሉ። ስለሆነም ዋናው ፊርማ ሳይረጋገጥ ከቀረ ከሥሩ ያለው ሁሉ ዋስትና ያጣል።

ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር አዲስ ጥቅል የሚረከበው አሮጌ መሣሪያ ሊሆን መቻሉ ነው። አዘጋጁ የአስተሻሸግ ስልቱን ሲለውጥ፣ ከዓመታት በፊት የተጫነው ተረካቢ አዲሱን እሽግ እንዴት እንደሚፈታ አያውቅም።

ዴቢያንና ኡቡንቱ የተለያዩበት የማመቂያ ስልት

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው «ዚስታንዳርድ» የተባለው የማመቂያ ስልት ታሪክ ነው። ስልቱ በፌስቡክ ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው «ኤክስዜድ» ጋር ሲነጻጸር የታመቀውን ፋይል እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይፈታል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው 18.04 እትም የራሱን ዲፒኬጂ በዚህ ስልት የታሸጉ ጥቅሎችን እንዲፈታ አስቻለው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 በወጣው 21.10 እትም ደግሞ ጥቅሎቹን በአዲሱ ስልት ማሸግን መደበኛ አሠራር አደረገ። የኡቡንቱ ወላጅ የሆነው ዴቢያን ግን ለስልቱ ድጋፍ የሰጠው ዘግይቶ ነው። ችሎታው በዴቢያን የተረጋጋ እትም ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ነው።

ይህ ልዩነት በሥራ ቦታ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በዴቢያን 11 የሚሠራ ኮምፒውተር አለው እንበል። ባለሙያው ለአዲስ ኡቡንቱ የተዘጋጀ የአታሚ ማሽን ጥቅል ከበይነ መረብ አውርዶ ለመጫን ሲሞክር፣ መሣሪያው ጥቅሉ ለማይታወቅ የማመቂያ ስልት እንደተጠቀመ ገልጾ ሥራውን ያቋርጣል። መልእክቱ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። ጥቅሉ አልተበላሸም፤ አታሚው አልተበላሸም፤ ኮምፒውተሩም ጤነኛ ነው። ፋይሉን ደግሞ ደጋግሞ ማውረድ የኢንተርኔት ወጪን ከማብዛት ሌላ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ትክክለኛው አካሄድ በቅድሚያ ለዴቢያን 11 የተዘጋጀ ጥቅል መፈለግ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ኮምፒውተሩን ወደ አዲስ እትም ማሳደግ ይገባል። ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ባለሙያው ጥቅሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፈትቶ በኤክስዜድ ዳግም ሊያሽገው ይችላል። ሆኖም ዳግም የታሸገው ፋይል አሻራ ከመጀመሪያው ጋር ስለማይመሳሰል፣ ይህ መደረግ ያለበት የመጀመሪያው ጥቅል ትክክለኛነት አስቀድሞ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ ለኡቡንቱ የተዘጋጀ ጥቅል መፈታቱ በዴቢያን ላይ ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም።

ብሎኑ አዲስ፣ ጥርሱ ሌላ

ጥቅሉ በሚገባ ተፈትቶም ፕሮግራሙ አልነሣም የሚልበት ጊዜ አለ። በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም «ጂሊብሲ» በተባለ መሠረታዊ የጋራ ላይብረሪ ላይ ይደገፋሉ። በአዲስ ጂሊብሲ የተሠራ ፕሮግራም በአሮጌ ጂሊብሲ ላይ ሲጫን የሚፈልገው የእትም ቁጥር እንዳልተገኘ ገልጾ ይቆማል። አቃቂ የማሽን መለዋወጫ የሚመረትባት ስፍራ በመሆኗ የአካባቢው ሠራተኛ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጥርሱ ከለውዙ ጋር የማይገጥም ብሎን በጉልበት ቢጠመዘዝ ሁለቱንም ያበላሻል። በእርግጥም ጂሊብሲን ብቻውን ከሌላ እትም አምጥቶ በግድ መተካት ኮምፒውተሩ ጨርሶ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የወጣው የማይክሮሶፍት «ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ» 1.86 እትም ጂሊብሲ 2.28ን እንደ ዝቅተኛ መስፈርት በማስቀመጡ፣ ጂሊብሲ 2.27 ባለው ኡቡንቱ 18.04 የሚጠቀሙ የፕሮግራም ባለሙያዎች ሥራ በአንድ ጊዜ ተስተጓጉሎ ነበር። ቅሬታው በመበርታቱ ኩባንያው ጊዜያዊ ማራዘሚያ ሰጥቷል። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ የአንድ ደረጃ ብቻ እንደነበር ልብ ይሏል።

«ስናፕ» እና «ፍላትፓክ» የተባሉት አዳዲሶቹ የጥቅል ዓይነቶች ፕሮግራሙ የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዘው ስለሚመጡ ይህን ችግር ያቃልላሉ። ነገር ግን እነርሱም ተረካቢ አላቸው። ተረካቢው ከተወሰነ እትም በታች ከሆነ አዲሱ ፕሮግራም «ከፍ ያለ እትም ያስፈልጋል» በማለት ይመልሰዋል። በዚህን ጊዜ መታደስ ያለበት ፕሮግራሙ ሳይሆን ተረካቢው ነው።

የኢትዮጵያ ሰዓትና የኮምፒውተሩ ሰዓት

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ሊታሰብበት የሚገባና በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ተጽፎ የማይገኝ አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው።

አፕት የማከማቻውን ዋና መዝገብ ሲያመጣ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ ኮምፒውተሩ «ገና አልደረሰም» ከሚለው ጊዜ የመጣ ሆኖ ከተገኘ «ይህ መዝገብ ገና አይጸናም» ብሎ አይቀበለውም። አንድ ሠራተኛ ለሥራው እንዲያመቸው ብሎ የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 2018 ብሎ ቢያስተካክለው፣ ኮምፒውተሩ ራሱን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ ያገኘዋል። ያን ጊዜ የማከማቻው መዝገብ ብቻ ሳይሆን የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀቶችም ገና ያልጸኑ ሆነው ስለሚታዩት ማናቸውንም አዲስ ነገር አይቀበልም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 3 ተብሎ ከተሞላ ኮምፒውተሩ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባለፉት 6 ሰዓታት ውስጥ የታደሰ መዝገብ ሁሉ ውድቅ ይሆንበታል። ይህ ዓይነቱ ስህተት አሳሳች የሚሆነው አንድ ቀን ታይቶ ሌላ ቀን ስለሚጠፋ ነው፤ መዝገቡ ከ6 ሰዓት በላይ ሳይታደስ የቆየ ከሆነ ሥራው ያለ ችግር ይከናወናልና።

ሰዓቱ ማንም ሳይነካውም ሊዛባ ይችላል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ቀድሞ ዓመት ይመለሳል። ባትሪዋን መለወጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሲሆን፣ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው። ትክክለኛው አሠራር የኮምፒውተሩን ሰዓት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ትቶ የሰዓት ክልሉን «አዲስ አበባ» ማድረግ፣ ከበይነ መረብ ጋር ራሱን እንዲያስተካክል መፍቀድና የኢትዮጵያን ቀን በሰነዱ ላይ መጻፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የኔትዎርክ ጥበቃ የሰዓት ማስተካከያውን መልእክት እንዳያግድም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከማከማቻው የሚመጡ ምክንያቶች

መደበኛ ድጋፋቸው ያበቃ እትሞች ጥቅሎች ሁልጊዜ በነበሩበት አይቆዩም። ለ9 ወራት ብቻ የሚደገፉት የኡቡንቱ እትሞችና የቆዩ የዴቢያን እትሞች ወደ ቤተ መዛግብት ማከማቻ ሲዛወሩ፣ በአሮጌው አድራሻ የሚፈልጋቸው ኮምፒውተር «አልተገኘም» የሚል ምላሽ ያገኛል። አድራሻውን ወደ ቤተ መዛግብቱ መለወጥ ጥቅሎቹን ያስገኛል፤ የደኅንነት ማስተካከያ ግን አያስገኝም።

የፊርማ ቁልፎችና የምስክር ወረቀቶችም የጊዜ ገደብ አላቸው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 «ሌትስ ኢንክሪፕት» ከተባለው ድርጅት ምስክር ወረቀቶች ጋር የተያያዘ አንድ መሠረታዊ ምስክር ወረቀት ጊዜው ባለፈበት ዕለት፣ ያልታደሱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጤነኛ የሆኑ ድረ ገጾችን አላምንም ማለት ጀምረው ነበር። ጥፋቱ የድረ ገጾቹ አልነበረም።

የመብራት መቋረጥም መጠቀስ ይኖርበታል። ጥቅል በመጫን ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ዲፒኬጂ ሥራውን በመሀል ያቋርጣል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ያልተጠናቀቀው ካልተጠናቀቀ አዲስ ነገር አይቀበልም። መልእክቱ ራሱ ቀሪውን ሥራ ለማጠናቀቅ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ጽፎ ያቀርባል። መልእክቱን አንብቦ መፈጸም እየተቻለ ሙሉውን ሲስተም እንደገና መጫን ጊዜን ማባከን ነው።

ሳጥን ሆነው የሚታዩ ፊደላት

የጥቅሎች ማርጀት ከአገር ቋንቋዎች ጋርም ይገናኛል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ የአማርኛ ፊደላት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቦታ አግኝተዋል። ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለምዕን የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ግን የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.1 እትም ነው። ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑት በ2010፣ ለጉራጌ የተጨመሩ ሌሎች ደግሞ በ2021 ተካተዋል። «አቢሲኒካ» የተባለው ያለክፍያ የሚገኝ የፊደል ቅርጽ በዴቢያንም ሆነ በኡቡንቱ ማከማቻ በጥቅል መልክ ይገኛል። የቆየ የፊደል ቅርጽ ጥቅል ባለበት ኮምፒውተር ላይ ግን በኋላ የተጨመሩት ፊደላት ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ። ከክልል ለመጣ ደብዳቤ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል መልስ ከመጻፉ በፊት ይህን ማጣራት ተገቢ ነው።

አገሪቱ በዚህ ረገድ ያየችው ተሞክሮም አለ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ አነስተኛ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ቀርበው ነበር። ላፕቶፖቹ ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በተመሠረተ ሲስተም የሚሠሩ ሲሆን፣ 256 ሜጋባይት የማስታወሻ አቅምና 1 ጊጋባይት ማስቀመጫ ነበራቸው። የአንድ ፌዶራ እትም ድጋፍ ግን ከ13 ወራት ብዙ የማይዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲገኝ፣ ሲስተሙን ከዓመት በኋላ ማን እንደሚያድስ ከርክክቡ በፊት መወሰን ይኖርበታል።

አደገኛው አቋራጭ

ጭነት እምቢ ሲል በየቦታው የሚሰጠው ፈጣን ምክር የፊርማ ፍተሻውን መዝጋት፣ በግድ መጫን ወይም ከማይታወቅ ማከማቻ ማምጣት ነው። ሦስቱም ፕሮግራሙን ሊያስነሡት ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጥቅል የሚጫነው በኮምፒውተሩ ከፍተኛ ሥልጣን ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ጎጂ ትእዛዝ በዚሁ ሥልጣን ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2019 በራሱ በአፕት ላይ በኔትዎርክ መካከል የቆመ አጥቂ የራሱን ጥቅል እንዲያስገባ የሚያስችል ክፍተት ተገኝቶ ወዲያውኑ ተዘግቷል። የተዘጋው ግን ላደሱት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ «አዲስ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው አስተሳሰብም ትክክል እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ታይቷል። ከላይ በተጠቀሰው የኤክስዜድ ማመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር መኖሩን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ያጋለጠ ሲሆን፣ የፍለጋው መነሻ በርቀት መግቢያው ላይ ያስተዋለው የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ነበር። የተበከሉት እትሞች በሙከራ ላይ ወዳሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ገብተው የነበረ ቢሆንም፣ የዴቢያንና የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው የኡቡንቱ የተረጋጉ እትሞች አልተነኩም። ለመሥሪያ ቤት የሚመረጠው እንግዲህ በጣም አዲሱ ሳይሆን በድጋፍ ላይ ያለው የተረጋጋ እትም ነው።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትሞች በየ2 ዓመቱ የሚወጡ ሲሆን መደበኛ ድጋፋቸው 5 ዓመት ነው። የ18.04 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023፣ የ20.04 ደግሞ በሜይ 2025 አብቅቷል። የ22.04 እስከ 2027፣ የ24.04 እስከ 2029 ይዘልቃል። የዴቢያን 11 የተራዘመ ድጋፍ ማብቂያ ኦገስት 2026 እንዲሆን ተወስኗል። ከ18.04 ወደ 22.04 በአንድ ጊዜ መዝለል አይቻልም፤ በ20.04 በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ ከዚያ በፊትም የሰነዶች ቅጂ መያዝ አለበት። ኮምፒውተሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ መንገዱ ጠባብ ነው። ኡቡንቱ ለእነዚህ የሚሆን የዴስክቶፕ መጫኛ ማዘጋጀቱን ከ17.10 እትም ጀምሮ የተወ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13ም ለእነርሱ የሚሆን መጫኛ የለውም። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ማስወገድ ተገቢ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

የኢንተርኔት አቅም ውስን በሆነባቸው ጽሕፈት ቤቶች እያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድን ጥቅል በየራሱ እንዲያወርድ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም። አንድ ኮምፒውተር ጥቅሎቹን አንድ ጊዜ አምጥቶ በውስጥ ኔትዎርክ ለሌሎቹ እንዲያድል ማድረግ ይቻላል። የማከማቻው ፊርማ አብሮ ስለሚጓዝ ፍተሻውም አይጓደልም።

በግዥ ሰነድና በጥገና ውል ውስጥ «ሊኑክስ የተጫነበት» የሚለው ሐረግ ብቻውን በቂ አይደለም። የእትሙ ቁጥር፣ ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን፣ እትሙን የማሳደጉ ሥራ የማን ኃላፊነት እንደሆነና በምን ያህል ጊዜ እንደሚከናወን በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። ባለሙያው «አልጫን አለ» ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብም፣ ኃላፊው የስህተት መልእክቱን ሙሉ ቃል፣ የሲስተሙን እትምና በወቅቱ በኮምፒውተሩ ላይ ይታይ የነበረውን ቀንና ሰዓት ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያይዝ ሊጠይቀው ይችላል።